ሜዳው ሲሞላ ማን ቆጠረ? ጋምቤላና የተመልካች ክብረ ወሰን

የእግር ኳስ ደጋፊዎች ስለ ድሮ ጨዋታ ሲያወጉ ክርክራቸው በጎሉ አያበቃም፤ ዞሮ ዞሮ «የዚያን ቀን ስንት ሰው ገባ?» ወደሚለው ይደርሳል። አንዱ ሠላሳ ሺህ ይላል፤ ሌላው ሃምሳ ሺህ፤ ሦስተኛው «ጠጠር መጣያ ቦታ አልነበረም» ብሎ ከቁጥሩ ያመልጣል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ቀንና ስለ አንድ ሜዳ ነው። ልዩነታቸው የተፈጠረው ከመካከላቸው ዋሾ ስላለ አይደለም፤ ክርክሩን የሚቋጭ መዝገብ ስለሌለ ነው። የተመልካች ክብረ ወሰን የምንለው ነገር ከሕዝቡ ይልቅ የቆጣሪው ታሪክ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ቆጣሪ ያለው ሜዳ ክብረ ወሰን ይኖረዋል፤ ቆጣሪ የሌለው ሜዳ ሕዝቡ የቱንም ያህል ግልብጥ ብሎ ቢወጣ የሚቀርለት ወሬ ብቻ ነው። ይህን ለማየት ጋምቤላን የመሰለ ቦታ የለም። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው የባሮ ዳር ከተማ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚነሳው በተመልካቾቿ ሳይሆን ከእርሷ ወጥተው በሄዱ ተጫዋቾች ነው። እንዲህ የሆነው ሕዝቧ ለኳስ ደንታ ስለሌለው አይደለም።

መቁጠር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት አሜሪካ ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚያ ትልልቆቹ ስታዲየሞች የኮሌጆች ናቸው፤ በእጅ በሚያዘው ሞላላ ኳስ የሚጫወቱት የራሳቸው ፉትቦል ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የሚሰበስበው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 107 ሺህ ገደማ ሰው ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 ከኖትርዳም ጋር በተደረገው ጨዋታ 115,109 ተመልካች እንደገባ ተመዝግቧል። ስታዲየሙ የሚገኝባት የአን አርበር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ 113,934 ነዋሪ ነበራት። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ውስጥ የነበረው ሰው ከከተማዋ ነዋሪ በለጠ ማለት ነው። የዚያ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎች ያለፈውን ሲያስታውሱ ትዝታቸውን የሚያስደግፉበት ቁጥር አላቸው፤ የየጨዋታው የተመልካች ብዛት በዕለቱ ይነገራል፣ ይጻፋል፣ ከአምናው ጋር ይነጻጸራል። ቁጥሩ ራሱ ለሚቀጥለው ጨዋታ ማስታወቂያ ይሆናል። ክብረ ወሰን እንዳለ የሚያውቅ ደጋፊ ክብረ ወሰኑን ለመስበር ይመጣልና፣ ቆጠራው ሕዝቡን ይመዘግባል ብቻ ሳይሆን ይጠራዋል።

የእኛ ታላቅ ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫን ፍጻሜ ከተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ከግብፅ ጋር ተጫውታ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ጎል አግቢዎቹ፣ ደቂቃዎቹ፣ ዋንጫውን የሰጠው እጅ ሁሉ ይታወቃል። የተመልካቹ ቁጥር ግን በየመዛግብቱ «30 ሺህ» ተብሎ በድፍኑ ይቀመጣል። ድፍን ቁጥር ግምት ለመሆኑ ምልክቱ ራሱ ድፍንነቱ ነው። የስታዲየሙ አሠራርም ለቆጠራ አይመችም ነበር፤ ደጋፊ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ እያለ የሚጠራቸው አብዛኞቹ ቦታዎች ቁጥር የተለጠፈበት ወንበር አልነበራቸውም። ሲሚንቶ ደረጃ ላይ ስድስት ሰው በተቀመጠበት ሰባተኛው «እስቲ ጠጋ በሉ» ብሎ ይገባል፤ ጨዋታው ሲጦፍ ሁሉም ይቆምና ለስምንተኛው ቦታ ይገኛል። ስለዚህ 35 ሺህ የሚባለው የስታዲየሙ አቅም ከአጥር ይልቅ ላስቲክ ነው፤ ማንም አፉን ሞልቶ ከዚህ በላይ አይገባም ሊል አይችልም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ታላላቅ ቀኖችም እንዲሁ ናቸው። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ያነሳችበት ጨዋታ በስፖርት ጋዜጠኛው በደምሴ ዳምጤ ድምፅ የሚታወስ ነው፤ ያን ቀን የሚያወሩ ብዙዎች ሜዳ አልገቡም፣ ሬዲዮ ዙሪያ ነበሩ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች ሱዳን 2 ለ 0 ተረትታ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ስታዲየሙ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ከሁለቱ፣ ከ1954ቱና ከ2005ቱ፣ የትኛው ይበልጣል? በጥሬው ከሄድን ስታዲየሙ ያው ስለሆነ እኩል፣ ወይም የኋለኛው ጥቂት ከፍ ያለ ይሆናል። ከተማዋን ከጎኑ ስናስቀምጥ ግን መልሱ ይገለበጣል። በ1954 አዲስ አበባ 450 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራት፤ 30 ሺህ ሰው ሜዳ ከገባ ከየ15ቱ ነዋሪ አንዱ እዚያ ነበር ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 2,739,551 ደርሷል፤ በዚህ ሒሳብ ሙሉ ስታዲየም ማለት ከየ78ቱ አንድ ሰው ብቻ ነው። አባቶች «እንደዚያ ቀን ያለ ሕዝብ አይተን አናውቅም» ሲሉ ልጆች ትዝታ አጋነነው ይላሉ፤ ሒሳቡ የሚፈርደው ግን ለአባቶች ነው።

ይኸው ሚዛን ወደ ጋምቤላ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የጋምቤላ ከተማ ነዋሪ 18,263 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 39,022 ደረሰ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ሙሉ ተመልካች ተነሥቶ ጋምቤላ ቢወርድ የከተማዋን ሕዝብ ሊያክል ምንም አይቀረውም። በተቃራኒው እናስበው። አዲስ አበባ 35 ሺህ ሰው ሜዳ ስታስገባ የምታሰልፈውን ድርሻ ጋምቤላ እንድታሰልፍ ብንጠይቃት የሚበቃት 500 ሰው ነው። በአንድ የሰፈር ሜዳ ዙሪያ በነጭ የኖራ መስመር ዳር የሚቆም፣ ሕፃናቱ ከፊት ቁጢጥ ብለው፣ ባለ ብስክሌቶቹ ኮርቻቸው ላይ እንደተቀመጡ የሚያዩት አምስት መቶ ሰው ለጋምቤላ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ማንም እንደ ክብረ ወሰን አይቆጥረውም። አሥር ሺህ ሰው ከተሰበሰበ ደግሞ ከከተማዋ ሩብ በላይ ነው፤ ለአዲስ አበባ ይህ 700 ሺህ ሰው እንደማለት ይሆናል። ከ1999 ወዲህ ከተማዋ እንዳደገች ግልጽ ነው፤ እጥፍ ሆናለች ብንል እንኳ 500ው ወደ 1,000 ከፍ ይላል እንጂ ፍርዱ አይለወጥም። ትንሽ ከተማ ትልቅ ሕዝብ የማውጣት አቅም አላት፤ የሚጎድላት ይህን የሚመዘግብላት ነው።

እዚህ ላይ ጋምቤላ ጨርሶ ያልተቆጠረች ቦታ ናት ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። እንዲያውም ከመቶ ዓመት በላይ ስትቆጠር የኖረች ናት፤ ጥያቄው ማን፣ ለምን ቆጠራት የሚለው ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ የወንዝ ዳርቻ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተከራየ፤ ጣቢያው የተተከለው ጋምቤላ ላይ ነው። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ከምዕራብ ኢትዮጵያ የወረደውን ቡና ይጭኑ ነበር፤ የጉምሩክ መዝገብ ጆንያውን ቆጠረ፣ ጆንያውን የተሸከመውን ሰው አልቆጠረም። ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ኢታንግ ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ፤ በመዝገቡ የሰፈረው ከሩብ ሚሊዮን በላይ የነበረ የስደተኛ ቁጥር ለራሽን ሲባል ተጋንኗል የሚል ክርክር አስነሥቷል። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በአኙዋኮች ላይ የደረሰው እልቂትም በቁጥር ጠብ ታጅቦ ነው በታሪክ የሰፈረው፤ የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር ከመቶ በታች ሲያደርገው የመብት ተሟጋቾች ከአራት መቶ በላይ ብለዋል። ለቀረጥ፣ ለራሽን፣ ለሬሳ የተቆጠረ ሕዝብ በደስታው ቀን ቆጣሪ አላገኘም። ለዚህ ነው በጋምቤላ የተመልካች ቁጥር ጉዳይ የስፖርት ወሬ ብቻ የማይሆነው፤ አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖው፣ ኮሞውና ከደጋ የመጣው ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ ተቀምጦ በሰላም መውጣቱ ራሱ ሊመዘገብ የሚገባው የታሪክ ፍሬ ነው።

ጋምቤላ በስታዲየሟ በመላ አገሪቱ የታየችው ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. አሥረኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በተከበረባት ጊዜ ነው። በዓሉ በየዓመቱ ከክልል ክልል ሲዞር አስተናጋጁ ከተማ መንገድ፣ አዳራሽና ስታዲየም ማዘጋጀቱ የተለመደ ነበር። በዚህ መንገድ የሚመጣ ስታዲየም ልደቱ ከኳሱ ሳይሆን ከመድረኩ ነው፤ የመጀመሪያው ታላቅ ሕዝቡ ትኬት ቆርጦ የገባ ደጋፊ ሳይሆን የተጠራ እንግዳና የተሰለፈ የባህል ቡድን ይሆናል። የአሜሪካውን የኮሌጅ ስታዲየም ያህል ከዚህ የሚለይ ነገር የለም፤ ያ ስታዲየም የተለጠጠው የሚገባው ደጋፊ ስለበዛበት ነው። በእኛ አገር ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ ቢወዳደሩም ትልቁን ተመልካች ይዘው የኖሩት እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ያሉ ክለቦችና የየከተማው ቡድኖች ናቸው። ትልቅ ስታዲየም ካላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ ከሚወስዱት መንገዶች በአንደኛው ላይ ያለው ጅማ ነው። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በዙር በተመረጡ ከተሞች ሲካሄዱ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አንዱ አስተናጋጅ ነበር፤ ወቅቱ ግን የኮሮና ስለነበር ጨዋታው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ መቀመጫው ባዶ ነበር። ግንብ ሕዝብን አይፈጥርም፤ ሕዝብ የሚፈጠረው ቡድን በቋሚነት አንድ ሜዳ ላይ ሲጫወትና ደጋፊው ያን ሜዳ የእኔ ሲለው ነው።

ጋምቤላ በአገራዊው የሕዝብ ታሪክ ውስጥ የገባችው በሌላ በር፣ በልጆቿ በኩል ነው። ኡመድ ኡክሪ ከጋምቤላ ተነሥቶ ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለብሔራዊ ቡድኑ ተጫውቷል፤ ከዚያም በግብፅ ክለቦች ዓመታት አሳልፏል። ጋቶች ፓኖም በኢትዮጵያ ቡና አማካይነት ታወቀና በ2009 ዓ.ም. ወደ ሩሲያው አንዢ ማካችካላ ሄደ። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. በባሕር ዳር ስታዲየም ኢትዮጵያ ሌሶቶን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ከሁለቱ ጎሎች አንዱ የጋቶች፣ ሌላው የሳላዲን ነበር። ስታዲየሙ 52 ሺህ ሰው እንደሚይዝ ይነገራል፤ ይህ ደግሞ በ1999ኙ ቆጠራ የጋቶች የትውልድ ከተማ ከነበራት ሕዝብ ይበልጣል። የጋምቤላ ልጅ ጋምቤላን ከነነዋሪዎቿ ሊውጥ በሚችል ስታዲየም ውስጥ ጎል አግብቷል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ስኬት ብቻ ያነበዋል፤ ስኬትነቱን አልክድም። ነገር ግን ሌላም ነገር ይነግረናል። ተጫዋቹን ያሠለጠነው፣ በባዶ እግሩ ሲጫወት ከዳር ቆሞ ያጨበጨበለት የመጀመሪያው ተመልካች በየትኛውም መዝገብ የለም። ታሪኩ የሚጀምረው ተጫዋቹ ከተቆጠረ ተመልካች ፊት ከቀረበበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ «በልጅነቱ ኳስ ይወድ ነበር» በሚል አንድ መስመር ይዘጋል።

ለዚህ ክርክር የሚቀርበው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ትዝታ ያጋንናል፤ በታላቅ ጨዋታ ቀን ሜዳ ነበርኩ የሚለው ሰው ሁሉ ቢደመር ስታዲየሙ ሦስት ጊዜ ይሞላል፤ ታዲያ ቁጥር የሌለውን ነገር ታሪክ ማለት እንዴት ይቻላል? እውነት ነው፣ ትዝታ በቁጥር ላይ የታመነ ምስክር አይደለም። ነገር ግን የተቆጠረውም ቢሆን ከጥርጣሬ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1923 በዌምብሌይ በተደረገው የእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ በይፋ የተመዘገበው 126,047 ሲሆን አጥር ዘልሎ የገባው ሲጨመር ከ200 ሺህ በላይ እንደነበር ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1950 በማራካኛ ብራዚልና ኡራጓይ ሲጫወቱ 173,850 ትኬት ቢሸጥም የነበረው ሰው 200 ሺህ ገደማ ይባላል። በሁለቱም ቦታ መዝገቡ የከፈለውን ይናገራል፤ የነበረውን የሚናገረው ትዝታ፣ ፎቶግራፍና የፖሊስ ሪፖርት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ትዝታን መጣል ሳይሆን ቀኑን፣ ውጤቱን፣ አግቢውን፣ የሜዳውን ስፋትና የከተማውን ነዋሪ ከጎኑ አስቀምጦ መመርመር ነው። የ1954ቱ አባቶች ትዝታ በዚህ ወንፊት ሲነፋ ሳይወድቅ እንደቀረ ከላይ አይተናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሚዛኑን ራሱን ይመለከታል። ተመልካች ከከተማው ነዋሪ ብቻ አይመጣም፤ ወደ ሚቺጋን ከመላው ክፍለ ግዛት ይነዳል፣ ወደ አዲስ አበባም በ2005 ከየክልሉ ሰው ገብቷል፤ ታዲያ ሕዝቡን በከተማው ነዋሪ ማካፈል ያሳስታል። ይህን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ተቃውሞው ለጋምቤላ ነው የሚያደላው። ወደ ትልቅ ከተማ አውቶቡስ ይጎርፋል፤ ጋምቤላ ግን ከኢታንግ፣ ከአቦቦ፣ ከላሬ የሚመጣ ደጋፊ ቢኖራትም በዝናብ ወራት መንገድ ሲበላሽ የሜዳዋ ሕዝብ በአብዛኛው የራሷ ነዋሪ ነው። ስለዚህ ድርሻው የከተማዋን ፍቅር በትክክል ያሳያል። ሦስተኛው ተቃውሞ ደግሞ «ሆድ ሳይሞላ የተመልካች ቁጥር ምን ይረባል?» የሚለው ነው። ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ያስጠለለ፣ ጎርፍና ግጭት የሚፈራረቅበት ክልል ከዚህ የበለጠ ጣጣ እንዳለበት አይካድም። ግን ቁጥር ገንዘብ ነው። ክለብ ስፖንሰር ፊት ሲቀርብ፣ ከተማ የሊግ ዙር ላስተናግድ ሲል፣ ክልል የሜዳ በጀት ሲጠይቅ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሰው ይመጣል?» ነው። መልስ የሌለው ወረፋው ያልፈዋል። በ2013 የተጀመረው በተመረጡ ከተሞች የሚካሄድ ሊግ ብዙ ክለቦችን ከገዛ ደጋፊያቸው አርቋቸዋል፤ ሜዳቸው ይሞላ እንደነበር በማስረጃ ማሳየት ያልቻሉት ደግሞ ይመለስልን ለማለት እንኳ የሚይዙት የላቸውም።

መፍትሔው ትልቅ ስታዲየም መጠበቅን አይጠይቅም። በከፍተኛ ሊግ የተጫወተው ጋምቤላ ከተማ በሜዳው ለሚያደርገው ለእያንዳንዱ ጨዋታ የትኬት ጉርድ ቆጥሮ መያዝ ይቻላል፤ በነጻ ለሚታየው የሰፈርና የትምህርት ቤት ውድድር ደግሞ ከአራቱ የሜዳ ጎን ፎቶ አንሥቶ ቀኑን መጻፍ ይበቃል። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ የሚቺጋንን ያህል ስታዲየም አያስፈልጋቸውም፤ ለታሪክ ተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አድርገው የቀድሞ ተጫዋቾችን፣ ዳኞችንና ደጋፊዎችን ቃል በአማርኛ፣ በኑዌርኛና በአኙዋክኛ ቢያስመዘግቡ ከግንብ የሚበልጥ ሥራ ሠሩ ማለት ነው፤ በተለይ የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን ሜዳ የሚያስታውሱት ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነውና ይህ ለከርሞ የሚቀጠር አይደለም። ያኔ የጋምቤላ ደጋፊዎች «የዚያን ቀን ስንት ሰው ነበር?» ብለው ሲከራከሩ መከራከራቸው አይቀርም፤ ደጋፊ ናቸውና። ልዩነቱ መዝገቡ በእጃቸው መሆኑ ነው። ክብረ ወሰን የሚጀምረው ከትልቁ ቁጥር አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ጋምቤላም የመጀመሪያውን ለመጻፍ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አይኖርባትም።